ዋሻው ከመጽዳቱ በፊት

ቲኬት ቆራጯ በመስኮቱ ቀዳዳ አጎንብሳ ሁለቱን ሽማግሌዎች አየቻቸው።

«ለአዛውንት በግማሽ ነው» አለች።

«እዚያው ውስጥ ለተወለደስ?» አለች እህትየዋ።

ቲኬት ቆራጯ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ወንድሟ ግንበኛው አልሳቀም። ሁለቱን ቲኬት ተቀበለና የእህቱን ክንድ ይዞ ከሌሎቹ ጎብኚዎች ኋላ ተሰለፈ።

በየሥራ ቦታው ውሃልክ ይሉታል። መዛነፍን በአረፋዋ የምታሳይ፣ ጣት የምታህል ውሃልክ ደረት ኪሱ ውስጥ ሳይከት ከቤቱ አይወጣም። የጠመመ ግድግዳ ካየ የማንም ይሁን የማን «አፍርሱት» ሳይል አያልፍም። በዚህ ጠባዩ ከብዙ አሠሪ ጋር ተጣልቷል። በሠርጉ ማግስት እንኳ የአማቱን አጥር ሆዱን ነፍቷል ብሎ ስላፈረሰው፣ አማትየው እስኪሞቱ ድረስ «ልጄን የዳርኩት ለዶዘር ነው» ይሉ ነበር። ዋሽቶ አያውቅም ማለት አይቻልም፤ ሲዋሽ ያየው ሰው ግን የለም።

እህቱ በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። ልብስ ሰፊ ነበረች። አርባ ዓመት ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ኖራ አሁን ዓይኗ እየከዳት ነው። ሐኪሙ «ቢበዛ አንድ ዓመት» አላት። ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወንድሟ ሥራ ቦታ ሄደች። አሸዋው ክምር ላይ ተቀመጠችና «ሳይጨልምብኝ ጢኖን አሳየኝ» አለችው።

ጢኖ የሁለቱ ታናሽ ነበር። አራት ዓመት ሳይሞላው ትኩሳት ያዘውና በሦስተኛው ቀን ሞተ። ፎቶ የለውም። የተቀበረው ከዋሻው በታች ባለው ሜዳ ላይ ነበር። ሜዳው ዛሬ አስፋልት ለብሶ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ጠዋት የመጡበት አውቶቡስ የቆመው በትክክል መቃብሩ ላይ ነው። ከሆዱ ዘይት ያንጠባጥባል። ግንበኛው ሲወርድ አይቶታል፤ እህቱ ግን ያየች አልመሰለውም፣ እሱም አልነገራት።

ከጢኖ የቀረው ነገር ያለው ዋሻው ውስጥ ነው።

አባታቸው ከገደሉ ሥር በነበረው የድንጋይ ካባ ጠራቢ ነበር። ካባው ለሠራተኛ ቤት ስላልሠራ አምስት ቤተሰብ ገደሉ ላይ ባሉት አምስት ዋሻዎች ውስጥ ገባ። አባት የዋሻውን አፍ በድንጋይ ገነባው፤ በር ገጠመለት፣ መስኮት አወጣለት። በየዓመቱ ዝናብ ሲገባና ካባው ሲዘጋ ልጆቹን በግድግዳው ላይ ይለካቸዋል። እናት «ተረከዝህን አታንሣ» እያለች እግር ትይዛለች፤ አባት የማዕዘን መለኪያ ስኳድራውን አናት ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ በመሮ መስመር ይቀርጻል። መስመሩ ከጠመመ ዛሬ በግንበኛው ኪስ ባለችው በዚችው ውሃልክ ለክቶ ያቃናዋል። ለእህትየው ዘጠኝ፣ ለግንበኛው ሰባት፣ ለጢኖ ሦስት መስመር ሆነ።

ከዚያ ሰዎች መጡ። ከወለላችሁ ሥር የጥንት ሰው አጥንት አለ አሉ። በሳምንት ውስጥ ልቀቁ ተባለ። እናት «የሞተው እንዲገባ ነው በሕይወት ያለው የሚወጣው?» ብላ ጠየቀች።

ይህ ከሆነ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሆነው።

*

አስጎብኚዋ ወጣት ናት፤ ቀልጣፋ፣ ፈገግታ የማይለያት። በአንድ እጇ ባትሪ ይዛለች። መጀመሪያ ያሳየቻቸው በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጡትን የድንጋይ ስለቶች ነበር። ግንበኛው ጎንበስ ብሎ አያቸው። ከአንድ ወገን ሦስት ምት፣ ከሌላው ሁለት። የባከነ ምት የለም። «ይህ ሰው ሥራ ያውቃል» አለ በልቡ። ከጥንቱ ሰው ጋር ጠብ የለውም። ባልደረባው ነው።

ጠቡ የጀመረው ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ነው። አስጎብኚዋ ባትሪዋን ወደ ጣሪያው አነሣች። ጣሪያው በጥቀርሻ ጠቁሯል።

«ይህ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እሳት ጭስ ነው» አለች። «በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት አልፎታል።»

«የእማዬ ምድጃ» አለች እህትየዋ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ዝም በል እሺ? ዝም አይነቅዝም።»

«ምን አልኩ?»

«ገና ልትል ነው። ጉሮሮህ ሲንቀሳቀስ አየሁት።»

«ዓይኔ ጠፋ አላልሽም?»

«ለአንተ አይጠፋም።»

ባትሪው ወደ ጎን ዞረ። ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦረች ትንሽ መደርደሪያ አለች። አባታቸው ኩራዝ ሊያስቀምጥባት የቦረቦራት ናት። «መሠዊያ!» አለች አስጎብኚዋ። አንድ ካሜራ በአንገቱ ያንጠለጠለ ወፍራም ሰውዬ «ፓ!» ብሎ ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሣ። ግንበኛው የመሮውን ጥርስ ምልክት ጠርዙ ላይ አየው፤ አራት ጥርስ፣ አንዱ የተሸረፈ። ያንን መሮ ያውቀዋል፤ በልጅነቱ አውራ ጣቱን የመታው በእሱ ነው። ጥርሱን ነከሰና አለፈ።

ቀጥሎ በገመድ የታጠረው ግድግዳ ጋ ደረሱ።

አጥንት ፈላጊዎቹ ወለሉን ቆፍረው በክንድ ከስንዝር አውርደውታል። ስለዚህ መስመሮቹ ሁሉ ከፍ ብለዋል። የእህትየው ዘጠኝና የራሱ ሰባት ከደረት እየወጡ ሄደው ከሰው ራስ በላይ ያበቃሉ። የጢኖ ሦስቱ ግን ከሰው ደረት ተነሥተው ግንባር ላይ ያበቃሉ። ግንበኛው ሊያይ እንጂ ሊናገር አልመጣም ነበር።

«እንግዲህ የዋሻው ምሥጢር ይህ ነው» አለች አስጎብኚዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዘጠኝ፣ ሰባት፣ ሦስት። የጥንቱ አዳኝ የገደላቸውን አውሬዎች የቆጠረበት ነው። ዘጠኙ ትንንሾቹ፣ ሰባቱ መካከለኞቹ፣ ሦስቱ ደግሞ አደገኛው ትልቅ አውሬ።»

«ለምን ሦስት ላይ ቆመ?» አለች አንዲት ጎብኚ።

«አይታወቅም። አውሬው ከአካባቢው ጠፍቶ ይሆናል። ወይም…» ፈገግ አለች፤ ይህቺን ቀልድ ለሁሉም ቡድን የምትነግራት ይመስላል፤ «አዳኙ መቁጠሩ ሰልችቶት ይሆናላ!»

ሰዎቹ ሳቁ።

«ማነው የሰለቸው?» አለ ግንበኛው።

ሣቁ ቆመ። እህቱ እጅጌውን ጎተተችው። እጁን መንጭቆ አስለቀቀ።

«ምን አሉኝ አባባ?»

«ማነው የሰለቸው ነው ያልኩሽ፣ ልጄ። ይህን መስመር ያወጣ ሰው አልሰለቸውም። ልጁ ሞቶበት ነው።»

«አባባ፣ ይህ የድንጋይ ዘመን…»

«የድንጋይ ዘመን ሰው ብረት መሮ ነበረው? እስኪ ባትሪሽን አስጠጊው። ያን ጠርዝ እዪው። ድንጋይ በድንጋይ ሲቧጨር ይሸራረፋል፤ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይወርድም።»

ካሜራ ያንጠለጠለው ሰውዬ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «አባባ የድንጋይ ዘመን ሰው ነኝ እያሉ ነው» አለ።

«አዎ ነኝ» አለ ግንበኛው። «ድንጋይ ስጠርብ ነው ያረጀሁት። አንተስ? የፕላስቲክ ዘመን ነህ?»

አሁን ሣቁ በሰውዬው ላይ ዞረ። ግንበኛው ግን ለሣቅ አልነበረም የተናገረው። ደሙ ፈልቷል። በገመዱ ላይ ተንጠራርቶ ከደረት ኪሱ ያወጣትን ውሃልክ የጢኖ ሦስተኛ መስመር ላይ አሳረፋት። አስጎብኚዋ «መንካት ክልክል ነው!» ብላ ጮኸች፤ ባትሪዋ ግን ሳታስበው ተከተለችው። አረፋዋ ወዲያ ወዲህ አለችና መሃል ላይ ቆመች። ፀጉር ያህል አልተዛነፈችም።

«አያችሁ?» አለ። «ያ አዳኝ አውሬውን ገድሎ፣ ደሙን ጠርጎ፣ ውሃልክ አውጥቶ ነው የቆጠረው? አባቴ ነው! ይህ የወንድሜ ቁመት ነው! አውሬ አይደለም፣ ልጅ ነው!»

ሁሉም ዓይን እሱ ላይ ሲሆን እህቱን ያያት አልነበረም። ጎንበስ ብላ በገመዱ ሥር ሾልካ ገብታለች። ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ በጣቶቿ እየዳበሰች ነው፤ አርባ ዓመት ጨርቅ የለኩ ጣቶች ናቸው። ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው ጋት ከሁለት ጣት፤ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ጋት ጨረፍ አድርጎ። ከሦስተኛው በላይ እጇ ለስላሳው ድንጋይ ላይ ትንሽ ሄደና ቆመ። ከዚያ በመዳፏ የራሷን አናት ከመስመሩ ጋር አስተካከለች።

«አድጓል እኮ» አለች ለወንድሟ። «ከእኔ እኩል ሆኗል።»

ማንም አልሳቀም። ሾልካ ስትወጣ ገመዱን ስለተደገፈችው ከችካሉ ላልቶ እንደተንጠለጠለ ቀረ። አስጎብኚዋ ምን ማድረግ እንዳለባት ስላላወቀች መመሪያው የሚለውን አደረገች፤ ኃላፊውን ጠራች።

*

የኃላፊው ቢሮ ንጹሕ ነው። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒዩተር፣ ማኅተም፣ የፖስትካርድ ቁልል አለ። ፖስትካርዱ ላይ ያለው የእነሱው መስመር ነው። ኃላፊው ጎልማሳ ነው፤ ትሑት፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ። ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፤ የታሸገ ውሃ አቀረበላቸው። ግንበኛው አልጠጣም። እህቱ ጠጣች።

ከኃላፊው ራስ በላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። የግንበኛው አባት የገነባው ግድግዳ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ደፉ ላይ አንዲት ሴትና ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል።

«ምንድን ነው የምታየው?» አለች እህቱ።

«እማዬ ናት። እኔና አንቺም አለን።»

«ወይኔ! ከሥሩ ምን ይላል?»

ግንበኛው ጮክ ብሎ አነበበላት። «‹ዋሻው ከመጽዳቱ በፊት› ይላል።»



«ከመጽዳቱ በፊት» አለ ግንበኛው እንደገና። «ቆሻሻው እኛ ነን?»

«እንደዚያ ለማለት አይደለም፣ አባት። የሙያ አነጋገር ነው።»

«የማን ሙያ? የጠራጊ?»

ኃላፊው ጣቶቹን አቆላለፈ። «እንነጋገር። አስጎብኚዋ ነግራኛለች። እውነቱን ልንገርዎት፣ ጥናቱ ስለነዚያ መስመሮች አንድም ቃል አይልም። የአውሬው ወሬ ከአስጎብኚ ወደ አስጎብኚ ሲተላለፍ የመጣ ነው። ጎብኚ ወደደው፣ በዚያው ጸና።»

«ውሸት መሆኑን እያወቁ?»

«እኔ አላውቅም። የማውቀው በጽሑፍ የቀረበልኝን ነው።» ከመሳቢያው አንድ ቅጽ አወጣና ብዕር ደረበበት። «የሚያውቁትን ይጻፉና ይፈርሙ። መብትዎ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም አውሬ ነው አይልም።»

ግንበኛው ብዕሩን አነሣ። ‹እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ይህ ነው› አለ በልቡ። የራሱን ስም ጻፈ፣ የአባቱን ስም ጻፈ። «መስመሮቹን የቀረጸው» ብሎ ሊጀምር ሲል አንድ ነገር ከነከነው። አርባ ዓመት ከአሠሪዎች ጋር የኖረ ሰው ነው፤ ‹መብትህ ነው› ሲሉት ሊናድብኝ ይሆን እያለ ጣሪያውን ቀና ብሎ ማየት ልማዱ ነው።

«ከፈረምኩ በኋላ መስመሮቹ ምን ይሆናሉ?»

«መመሪያ አለ።»

«ምን ይላል?»

«ከጥንቱ ዘመን ወዲህ በግድግዳው ላይ የተጫረ፣ የተጻፈ፣ የተለጠፈ ሁሉ ይነሣል ይላል። ጎብኚዎች ስማቸውን ይጭራሉ፤ ለዚያ የወጣ ነው።»

«ይነሣል ማለት?»

«ይፋቃል። ማሽን አለን። በግማሽ ቀን ያልቃል፣ ምንም ምልክት አይቀርም። በሌሎቹ አራት ዋሻዎች የነበረውን ባለፈው ዓመት ጨርሰናል።»

አራት ዋሻ፣ አራት ቤተሰብ። የአናጺው ልጆች፣ የፈንጂ አቀጣጣዩ መንትዮች፣ ሁሉም እየተለኩ ነበር ያደጉት፤ አባቱ ነበር በየዋሻው እየዞረ መስመር የሚያወጣላቸው። ግንበኛው ጆሮውን ማመን አቃተው።

«ይሄኛውስ ለምን ቀረ?»

«ይሄኛው የጥንት ነዋ» አለ ኃላፊው። «እርስዎ አይደለም ካላሉ በቀር።»

ግንበኛው ከወንበሩ ተነሣ። ወንበሩ ከኋላው ወደቀ።

«ስማ!» አለ፤ ‹እርስዎ› ማለቱ ቀርቷል። «አንዱን የዋሻ ሰው በመስታወት ሣጥን ታስቀምጠዋለህ፤ ሌላውን የዋሻ ሰው በማሽን ትፍቀዋለህ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ያኛው ቀድሞ መሞቱ ነው? ያኛውም ልጅ ነበረው፣ ያኛውም እሳት አንድዷል። እኛ ስንት ሺህ ዓመት ነው የምንጠብቅህ ሰው ለመሆን?»

«አባት፣ መመሪያውን እኔ አላወጣሁትም።»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እናንተ ባለቤቱንም አጥሩንም ነው የፋቃችሁት!»

ተቀምጦ ብዕሩን ጨበጠ። ይፈርማል። ይፋቅ እንጂ ውሸት አይቁም። ዕድሜውን ሙሉ የጠመመ ነገር አሳልፎ አያውቅም፤ ዛሬ በገዛ ወንድሙ አይጀምርም። የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ነካ።

«አስቀምጠው» አለች እህቱ።

«እትዬ፣ ልጁን አውሬ ነው እያሉ እኮ ነው!»

«ይበሉት።»

«ሰልችቶት ነው እያሉ እኮ ነው!»

«ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው።» ጣቶቿን ጭኗ ላይ ዘርግታለች፤ የድንጋዩ አቧራ ነጥቶባቸዋል። «አንተ በውሃልክህ እውነቱን አየህ። ደስ ይበልህ። እኔ ግን ከዓመት በኋላ የማየው በጣቴ ብቻ ነው። ይፍቁትና ምን ልዳብስ? መቃብሩን? የት እንደቆምን ያላየሁ መሰለህ? ዘይቱ ሸቶኛል።»

ግንበኛው ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሣ።

«መዋሸት አልችልበትም» አለ በመጨረሻ።

«ትለምደዋለህ። ሰዉ ሁሉ ለምዶታል።»

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። ግንበኛው የጻፈበትን ቅጽ አንሥቶ አራት ቦታ አጠፈውና ኪሱ ከተተው።

«ተሳስቻለሁ» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቃሏ ስትወጣ መንጋጋ ጥርሱን ይዛበት የወጣች ያህል አመመችው።

«ማለት?»

«መስመሮቹ የጥንት ናቸው። ተሳስቻለሁ።»

ኃላፊው ቅጾቹን ወደ መሳቢያው መለሰና ፈገግ አለ። «ችግር የለም አባት። ዕድሜ ነው፣ ያምታታል።»

ይህቺ ከሁሉም በላይ አቃጠለችው። አፉን ከፈተ። እህቱ ቀደመችው። ተነሥታ፣ የጠጣችበትን ጠርሙስ ክዳን አጥብቃ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«አንተ ልጅ» አለችው፤ «እግዜር ከሚያጸዱ ሰዎች ይሰውርህ።»

*

መውጫው ላይ አስጎብኚዋ የአስተያየት መዝገብ ይዛ ቆማለች። ፈገግታዋ የለም።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ፤ «እውነት ነው እንዴ?»

ግንበኛው እህቱን አየ። እህቱ መሬቱን አየች።

«አለቃሽ የጥንት ነው ብሏል» አላት። «ግን አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ልጄ። ሰልችቶት የምትዪውን ተዪው። አውሬውን ንገሪያቸው፣ አዳኙን ንገሪያቸው። ሰልችቶት አትበዪ።»

ልጅቷ ዓይኗ እርጥብ አለ። ራሷን ነቀነቀች።

መዝገቡን ተቀብሎ ቆሞ ጻፈ፤ እንደ ሁልጊዜው ፊደሎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው።

«ምን ብለህ ጻፍክ?» አለች እህቱ።

አነበበላት። «‹ከሦስቱ መስመሮች ፊት ያለው ገመድ ላልቷል። ዛሬ አንዲት አሮጊት በሥሩ ሾልካ ገብታ ነክታለች። ዛሬውኑ ይጥበቅ።›»

«አሮጊት?»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«በሁለት ዓመት ለምበልጥህ! አይ አንተ፣ እውነት ስትናገር እንኳ አታምርም።»

ወደ አውቶቡሱ ወረዱ። ሹፌሩ መሪው ላይ ክንዱን አጋድሞ ያንጎላጃል። ከሥሩ ዘይቱ ሰሃን አክሎ ጠቁሯል። ግንበኛው መስኮቱን በመዳፉ ደበደበ።

«ወደዚያ አስጠጋው!»

«ምን ሆነዋል አባባ? መኪና ማቆሚያ እኮ ነው!»

«ግንበኛ ነኝ። ይህ መሬት ከሥሩ ተቆፍሯል። ጭነት አይችልም።»

ሹፌሩ እንቅልፉ ብን ብሎ ጠፋ። ሞተሩን አስነሣና አውቶቡሱን ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ጥግ ወሰደው። ጢኖ በተቀበረበት አስፋልት ላይ ጥቁሩ ዘይት ብቻ ቀረ። ግንበኛው መሐረቡን አውጥቶ በጉልበቱ ተንበረከከና ይጠርገው ጀመር።

እህቱ ከአጠገቡ ቆማ ጥላዋን ጣለችለት።

«በአንድ ቀን ሁለት ውሸት» አለችው። «እንዴት ቶሎ ለመድከው።»

«ይሄኛው ውሸት አይደለም» አለ ቀና ሳይል።